ሲጋራስ ያልቃል

የመክፈቻ ጥያቄ

ይህን ክር፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ስለ ቬፕ የተጀመረውን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲጋራ አጭሻለሁ። በቀን አንድ ፓኮ ነበር፤ ሲከፋኝ ደግሞ ይጨምራል። ቬፕ፣ ያንን በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ የያዝኩት ለመተው ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ሠርቷል። ሲጋራ ከለኮስኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ደረጃ ስወጣ አላለከልክም። ጠዋት ጠዋት የሚያጣድፈኝ ሳል የለም። ጣቶቼ ላይ ተጣብቆ የኖረው ቢጫም ለቋል።

ታዲያ ምን ጎደለህ ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሲጋራ ያልቃል። ትለኩሳለህ፣ ትስባለህ፣ ቁራጩን መተርኮሻው ላይ ትደፈጥጣለህ፣ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። ቬፕ ግን ማለቂያ የለውም። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ላይ ነቃሁና እጄን ትራስ ሥር ሰደድኩ። ዓይኔን እንኳ አልገለጥኩም። ሁለቴ ሳብኩ፣ መልሼ ከተትኩት፣ ተኛሁ። ጠዋት ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ። በሲጋራው ዘመን ለማጨስ ብዬ ከእንቅልፌ ነቅቼ አላውቅም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እናንተ ለምን ጀመራችሁ? አደጋውንስ በልባችሁ ምን ያህል ነው የምትሉት? ስብከት ይቅርብኝ፤ እሱን የሲጋራው ፓኮ ላይ ስንት ዓመት አንብቤዋለሁ።

በሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ሰው ጻፈ። መልሶቹ ረጃጅም ስለሆኑና አንዳንዶቹም መሳደብ ስላማራቸው፣ በየተራቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው ጨዋ ነው። እንኳን ለሁለት ዓመትህ አበቃህ ብሎ ጀመረ። እሱን ወደ ቬፕ የወሰደው የሦስት ዓመት ልጁ ነው። ሊስማት ጎንበስ ሲል ፊቷን አዞረችበት፤ አፉ ይሸታላ። የሐኪም ምክር፣ የሚስት ልመና፣ የፓኮ ላይ ሥዕል ያላደረጉትን ያቺ ትንሽ አንገት ስትዞር አደረገችው። አደጋውን በተመለከተ ብዙ እንደማይጨነቅ ጻፈ። ከሲጋራ የከፋ ነገር አለ ብሎ አያምንም፤ የቀረው ሁሉ ለእሱ ትርፍ ነው።

መልስ 2

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፤ ሽታውንም ትጠላለች። ጓደኛዋ ማንጎ ማንጎ የሚል ነገር አቀበለቻት፣ ሳበችው፣ ወደደችው። ኒኮቲን እንዳለበት እንኳ አላወቀችም ነበር። ጣዕም ያለው እንፋሎት ብቻ መስሏት ወራት አለፉ። ያወቀችው ዕቃውን ረስታው ፈተና የገባች ቀን ነው። አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ አነበበችው፤ አልገባትም። እጇ ባዶ ኪሷን ሲፈትሽ ዋለ። አደጋው ስንት ነው ለሚለው መልስ አልሰጠችም። የሰጠችው ግን ከቁጥር የሚበልጥ መሰለኝ።

መልስ 3

አንድ መስመር ናት። ከሲጋራ ወደ ቬፕ መሄድ ከድጡ ወደ ማጡ መሆኑን ነግሮን ወጣ። አልተመለሰም። እንዲህ ዓይነት ሰው ከየክሩ አይጠፋም።

መልስ 4

ለ3 የተሰጠ መልስ ነው፤ የጻፈችውም ሳንባ ሕሙማን ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። በትሕትና ግን በደንብ አረመችው። ሰው የሚገድለው በዋናነት ጭሱ ነው አለች። ትንባሆ ሲነድ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ቢያንስ 70 ያህሉ ካንሰር እንደሚያመጡ የታወቁ ናቸው። ሬንጁ ሳንባ ላይ ይለጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደሙ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ቬፕ ውስጥ የሚነድ ነገር የለም። በባትሪ የሚግል ሽቦ አለ፣ ፈሳሽ አለ፣ በቃ። ፈሳሹም ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን ነው። ስለዚህ ሬንጅም ካርቦን ሞኖክሳይድም ከሱ አይመጣም።

ቀጥላ ግን ፍሬን ያዘች። ከሲጋራ ያነሰ ጉዳት አለው ማለትና ጉዳት የለውም ማለት ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች መሆናቸውን ለይታ አስቀመጠች። ኒኮቲን ራሱ ካንሰር አምጪ ተብሎ ባይመደብም ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሱስ ያሲዛል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ በፍጹም አይመከርም። የምታስታምማቸው አብዛኞቹ ሲጋራ ያጨሱ ናቸው፤ ግን ቬፕ ገና ወጣት ነው። በ2003 ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ የዛሬውን ዓይነት መሣሪያ ከሠራ ወዲህ ያለው ጊዜ፣ የሳንባ ካንሰር ለመብሰል ከሚፈልገው ዓመት ጋር ሲተያይ አጭር ነው። የሠላሳና የአርባ ዓመቱ ሒሳብ ገና አልተዘጋም።

እዚህ ላይ ክሩ ቢቆም ኖሮ ደስ ባለኝ። አልቆመም።

መልስ 5 እና 6

5 ሁሉም ሰው ማጋነኑን ጻፈ፤ ለእሱ የውኃ ተን ነው። ልብስ ስትተኩስ ከካውያው የሚወጣውን ዓይነት።

6 እዚህ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። ፈሳሹ ውስጥ ውኃ ቢኖር እንኳ ጥቂት መሆኑን፣ የሚወጣውም ተን ሳይሆን በጣም የደቀቁ ጠብታዎች ጉም መሆኑን አስረዳ። ከዚያ 5ን ቤት ሥራ ሰጠው። መስኮት ተዘግቶ ቬፕ ሲሳብበት የከረመ መኪና ውስጥ ይግባና የፊት መስታወቱን ከውስጥ በጣቱ ያስምር። ውኃ ቢሆን ደርቆ ይጠፋ ነበር። ጣቱ ላይ የሚቀረው ግን የሚያሟልጭ ቅባት ነገር ነው። መስታወቱ ላይ ያረፈው ሳንባውም ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ከሚግለው ሽቦ የኒኬልና የክሮሚየም ብናኝ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ፈሳሹ አልቆ፣ ፈሳሹን ወደ ሽቦው የሚመጠው ጥጥ ሲያር ጉሮሮ የሚያቃጥለው ያ የመረረ ጣዕም ደግሞ ፎርማልዲሃይድን የመሰሉ መርዞች በርከት ብለው የሚወጡበት ሰዓት ነው።

የ6 አነጋገር ሻካራ ነበር። ግን የመኪናዬን መስታወት ሄጄ አየሁት። ተሰመረ።

መልስ 7፣ 8 እና 9

7 ቁጥር ይዞ መጣ፤ ቬፕ ከሲጋራ በ95 በመቶ ያነሰ ጉዳት አለው። ምንጩ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት በ2015 ያወጣው ዘገባ ነው። ነገሩ አልቋል፣ ክሩም ይዘጋ ዓይነት ነው አጻጻፉ።

8 ቁጥሩን ከሥሩ ነቀነቀው። 95ቱ በላቦራቶሪ ተለክቶ የተገኘ አይደለም። በ2014 የታተመ ሥራ ነበር፤ የተወሰኑ ባለሙያዎች ተሰብስበው ለተለያዩ የኒኮቲን ምርቶች በየራሳቸው ግምት ነጥብ ሰጡ። ዘገባው ከዚያ ነው የተደገፈው። ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔትም ያኔውኑ ተችቶታል። 8 ይህን ካለ በኋላ ማለፍ ሲችል፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የምትለዋን ጨመረባት። 7 ተቆጣ። ሦስት መልእክት የስድብ ተላላኩ፤ እነሱን ዘልያቸዋለሁ።

ያስታረቃቸው 9 ነው፤ ወይም ሞክሯል። ቁጥሩን ተዉትና ከምን ጋር እያወዳደራችሁ እንደሆነ ተናገሩ ነው ሐሳቡ። ከሚነድ ሲጋራ ጋር ከሆነ ቬፕ እጅግ ያነሰ መርዝ እንዳለው ብዙም ጠብ የለበትም። ከንጹሕ አየር ጋር ከሆነ ደግሞ ቬፕ ይሸነፋል። 7 ስለ ፓኮ እያወራ ነው፤ 8 ስለ አየር። አንድ ቋንቋ ይናገራሉ ግን አይደማመጡም።

እኔም ከ9 ጋር ነኝ። የሰው አደጋ አገማመት የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሲጋራ አጫሹ ቬፕንም እንደ ሲጋራ ፈርቶ ሲጋራው ላይ ይቀራል። አጭሶ የማያውቀው ደግሞ ለአጫሽ የተነገረውን 95 ለራሱ ወስዶ ይጀምራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ሁለቱንም በየፊናቸው አሳሳተ።

መልስ 10

ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ጠቡን እንዳላየ አለፈው። በ2019 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት አመጣ። ማጨስ ለማቆም እርዳታ የፈለጉ 886 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ቬፕ፣ ግማሾቹ ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር የመሳሰሉትን ያዙ፤ ሁሉም ምክርና ክትትል ነበራቸው። ከዓመት በኋላ ከቬፖቹ 18 በመቶ፣ ከሌሎቹ 9.9 በመቶ ሲጋራ ትተው ተገኙ። ማለትም ቬፕ ወደ እጥፍ ገደማ በልጧል። ግን 10 ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ሌላኛውንም ገጽ ገለጠው። በቬፕ ከተሳካላቸው ውስጥ 80 በመቶው በዓመቱም ቬፑን እየሳቡ ነው። በማስቲካና በፕላስተር ከተሳካላቸው ውስጥ ግን የተሰጣቸውን ሲጠቀሙ የተገኙት 9 በመቶ ብቻ ናቸው።

ያችን 80 ሳይ የራሴን ፎቶ ያየሁ መሰለኝ።

መልስ 11 እና 12

11 ሁለቱንም ይዟል። ቤት ውስጥ ቬፕ፣ ውጭ ሲወጣ ሲጋራ። ከሃያ ወደ አምስት ፍሬ ወርዷል፤ ስለዚህ አደጋውም ወደ ሩብ ወረደ ብሎ ያስባል። ሒሳቡ ለጆሮ ደስ ይላል።

12 በጥቂት ቃል አፈረሰበት። ልብ በዚህ ሒሳብ አትሄድም። በ2018 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የወጣ ሥራ እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው ሃያ ከሚያጨሰው ተጨማሪ የልብ በሽታ አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። አምስቷ ፍሬ ሩብ አይደለችም ማለት ነው። ቬፕ ጥቅሙን የሚሰጠው ሲጋራውን ሲተካ ነው፣ ሲጋራው ላይ ሲደረብ አይደለም። 11 ጥቂት ዝም አለና አመሰገነ። በክሩ ውስጥ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ያየሁት ይህን አንዱን ነው፤ ልብ በሉልኝ።

መልስ 13 እና 14

13 ፈርታ ነው የጻፈችው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች በቬፕ ሳንባቸው ተቃጥሎ መሞታቸውን ሰምታለች። ፈንዲሻ ሳንባ የሚባለውን፣ የሳንባን ትናንሽ ቱቦዎች የሚያጠብ በሽታም፣ ሰምታለች። ወንድሟ ቬፕ ይስባልና ሌሊት ባሳለ ቁጥር ትነቃለች።

14 ረጅሙን የክሩን መልስ ጻፈላት። ሁለቱን ነገሮች ለይቶ። የ2019ኙ እውነት ነው፤ እስከ የካቲት 2020 አጋማሽ ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል የገቡ ወይም የሞቱ ሆነው ተመዝግበዋል፣ ከነዚህ ውስጥ 68ቱ ሞተዋል። ግን አብዛኞቹ የሳቡት የካናቢስ ንጥረ ነገር ያለበትን ፈሳሽ ነው፤ ብዙውም ከመንገድና ከጓደኛ የተገኘ ነው። ዋናው ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው ፈሳሹን ለማወፈር የተጨመረው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። በክኒን ሲዋጥ ወይም ቆዳ ሲቀባ የማይጎዳው ነገር ሳንባ ሲገባ ሌላ ታሪክ ሆነ። የተለመደው የኒኮቲን ፈሳሽ ያንን አይጠቀምም። ስለዚህ የወንድሟ ፈሳሽ ከየት እንደሚመጣ ትጠይቅ፤ ጥያቄው ከሳሉ በላይ ይነግራታል።

ፈንዲሻ ሳንባ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከፋብሪካ ነው። በ2000 አካባቢ ሚዙሪ ውስጥ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞች ታመሙ፤ የቅቤ ጣዕም የሚሰጠውን ዳይአሴቲል ቀኑን ሙሉ ሲተነፍሱት ነበር። ዳይአሴቲል በአንዳንድ የቬፕ ማጣፈጫዎች ውስጥም ተገኝቷል፤ ጭንቀቱ የመጣው ከዚያ ነው። ብሪታንያ በቬፕ ፈሳሽ ውስጥ እንዳይገባ ከልክላለች። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ዳይአሴቲል ከቬፑ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

መልስ 15፣ 16 እና 17

እዚህ ጋ ነው የተካረረው።

15 አስተማሪ ናት። የ14ን መልስ የነጋዴ ወሬ አድርጋ ወሰደችው። ሳንባ ባያቃጥል ምን ጠቀመኝ ነው ነገሩ። በየሳምንቱ ከተማሪዎች የምትቀማው ዕቃ መሳቢያዋን ሞልቶታል። አንዱ ፍላሽ ዲስክ ይመስላል። አንዱ የጽሑፍ ማድመቂያ ይመስላል፣ ክዳን ሁሉ አለው። አንድ ልጅ በጃኬቱ እጅጌ ውስጥ አስገብቶ፣ እሷ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች፣ ጉንጩን እጁ ላይ እንደ ተደገፈ ሰው ሆኖ ይስባል። የሚወጣውን እዚያው እጅጌው ውስጥ ይተነፍሰዋል። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። የሰው አንጎል እስከ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ እየተሠራ ይቆያል፣ ኒኮቲን ደግሞ እዚያ ሥራ መሃል ገብቶ ትኩረትንና ስሜትን ያምሳል። እንዲህ ያለውን ልጅ ስለ 95 በመቶ ማን ነው የሚያስረዳው? የማስቲካ ጣዕምስ ለየትኛው የሃምሳ ዓመት አጫሽ ነው የተሠራው?

16 ራሱ 14 ነው፤ ተመልሶ መጣ። ነጋዴ አይደለም። ታላቅ ወንድሙን በአርባ ስድስት ዓመቱ በሲጋራ ቀብሯል። ወንድሙ ቬፕ ሊሞክር አስቦ ነበር፤ ሳንባ ይበሳል ሲሉት ተወው፣ ሲጋራውን ቀጠለ። ለሰው ትክክለኛውን መናገር ሽያጭ ከሆነ እሺ ነጋዴ ነኝ ብሎ ጨረሰ። ለጣዕሟ ጥያቄም መልስ ነበረው። ሲጋራ የተወ ሰው የትንባሆ ጣዕም የሚያስታውሰውን ሳይሆን የሚያስረሳውን ነው የሚፈልገው፤ እሱ ራሱ ከአዝሙድና ጣዕም ሌላ አይነካም።

ሁለቱም እውነት አላቸው። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ያው የማንጎ ጣዕም አንዱን ከመቃብር አፋፍ ይመልሳል፣ ሌላዋን ከቤቷ ያወጣል።

17 ያቺ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ መልስ 2። ለሁለቱም በአንድ ላይ ጻፈች። የ14 ወንድም የሚተወው ሲጋራ ነበረው። የአስተማሪዋ ተማሪና እሷ ግን የሚተዉት ምንም አልነበራቸውም። ሌላ አልጨመረችም። ከሷ በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም።

መልስ 18

ዝምታውን የሰበረው ኬሚስት ነኝ ያለ ሰው ነው፤ ለመክፈቻ ጥያቄዬ፣ ለዚያ ለትራሱ ነገር፣ መልስ አለኝ ብሎ። ይህን መልስ ሦስቴ አነበብኩት፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላስቀምጠው።

በድሮዎቹ ቬፖች ውስጥ የነበረው ኒኮቲን መጠኑ ሲበዛ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ቧጥጦ ያስቆምሃል። ራሱ ፍሬን ነበረው ማለት ነው። ከ2015 ወዲህ የተስፋፉት ትናንሾቹ ግን ኒኮቲኑን እንደ ቤንዞይክ አሲድ ካለ ነገር ጋር አዋሕደው የኒኮቲን ጨው የሚባለውን ይጠቀማሉ። ጉሮሮ አይሰማውም። ብዙ ኒኮቲን በለስላሳ መንገድ ይገባል። ፍሬኑ ተነቀለ።

ከዚያ ወደ ሒሳቡ። አንድ ሲጋራ ለሰውነት የሚያደርሰው ኒኮቲን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንድ ፓኮ፣ ሃያ ፍሬ፣ ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም። አውሮፓ የፈቀደችው ከፍተኛው የቬፕ ፈሳሽ በአንድ ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ኒኮቲን ነው። 2 ሚሊሊትር የሚይዝ አንድ ፖድ፣ ማለትም ቬፑ ላይ የሚሰካ ትንሽ የፈሳሽ መያዣ፣ ውስጥ 40 ሚሊግራም አለ። ሁሉም ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። ቢሆንም አንዲት ፖድ ከአንድ ፓኮ ጋር ትከሻ ለትከሻ ናት። ልዩነቱ ፓኮው ሃያ ጊዜ እንድትወስን ያስገድድሃል። ትነሳለህ፣ ትወጣለህ፣ ትለኩሳለህ። ፖዷ ግን አንዴም አትጠይቅህም። እላዩ ላይ 5 በመቶ የሚል ካየህም ትንሽ አይምሰልህ፤ በአንድ ሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምስብ አውቃለሁ ወይ? ሲጋራውን ስንት ፍሬ ታጨሳለህ ብትባል ትመልስ ነበር አለኝ። እውነቱን ነው። ቁጥሩን ከእንቅልፌ ተቀስቅሼ እናገረው ነበር።

መልስ 19፣ 20 እና 21

ክሩ እዚህ መንገድ ሳተ። አንዱ ባትሪው ሱሪ ኪሱ ውስጥ ጋለ፤ ለብቻው የያዘው መለዋወጫ ባትሪ ከቁልፍ ጋር ተገናኝቶ ነው። ጭኑ ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ጠባሳ ቀርቷል። ሌላው የሊትየም ባትሪ ለብቻው በፕላስቲክ ማቀፊያ እንጂ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር እንደማይያዝ፣ ተኝተውም ቻርጅ እንደማይደረግ ገሠጸው። ሦስተኛዋ እናት ናት። መሙያ ጠርሙሱን ሕፃን እንዳያገኘው ለመነችን፤ ጥቂት የኒኮቲን ፈሳሽ ሕፃንን ሊገድል ይችላል፣ ሽታው ደግሞ ከረሜላ ነው። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ውስጡ ባትሪ እንዳለና ቆሻሻ ጫኝ መኪና ላይ እሳት እንደሚያስነሳም ጨመረች። ብሪታንያ ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ እነዚያን መሸጥ የከለከለችው በቆሻሻውም በልጆቹም ምክንያት ነው።

መልስ 22

ይህ ሰው ከላይ ያለውን ሁሉ ትቶ ስሙ ላይ ተነሳ። ቬፕ ነው ወይስ ቬይፕ? አማርኛስ ለምን የለውም? ተን ሳቢ እንበለው ሲል አቀረበ። አንድ ሰው ጉም ጠጪ ይሻላል አለ። ሌላው ሁለቱም የጀት ስም እንደሚመስሉ ተናገረ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ክሩ ውስጥ የተጣላም የፈራም ሰው አልነበረም፤ አስተማሪዋና 14 ሳይቀሩ ለአንድ ቀልድ አብረው ሳቁ።

መልስ 23

ነርሷ ተመለሰች። ለመተው ለምፈልገው ለእኔና ለልጅቷ ነው የጻፈችው። ማንም ሲጋራ የተወ ሰው ቬፑን ለመተው ሲቸኩል ወደ ሲጋራ እንዳይመለስ ቀዳሚው ጉዳይ ይህ መሆኑን አስታወሰች። ከዚያ የኒኮቲኑን መጠን ደረጃ በደረጃ ማውረድ፤ ከ20 ወደ 10፣ ከዚያ ዝቅ እያለ። ግን ሰው መጠኑ ሲያንስበት ሳያውቀው አብዝቶና አጥልቆ ስለሚስብ፣ ሀራራውን በማስቲካ ወይም በፕላስተር መደገፍ አያሳፍርም። ቦታም መወሰን ይረዳል፤ መጀመሪያ መኝታ ቤቱን መከልከል፣ ቀጥሎ መኪናውን። ለልጅቷ ለብቻ አንድ ነገር ነገረቻት። መነጫነጩና ትኩረት ማጣቱ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይበረታል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይረግባል። አንጎሏ ተበላሽቶ አይደለም፤ እየለመደ ነው።

ለእኔ ደግሞ የ18ን ጥያቄ አስታወሰችኝ። ወረቀት ልያዝ፣ በሳብኩ ቁጥር አንድ ጭረት ልጫር፤ አንድ ቀን ብቻ። ለመቀነስ ሳይሆን ለማየት።

መልስ 24

የእኔ ነው። አደረግኩት። ወረቀቱን ለአራት አጥፌ ከእስክሪብቶ ጋር ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ጭረት። ቁርስ ሳልበላ የአንድ ፓኮ ያህል ውሳኔ ወስኛለሁ፤ አንዱንም ግን ወስኜ አላደረግኩትም። ሦስት ሰዓት ላይ አርባ አንድ። እኩለ ቀን ሳይደርስ የወረቀቱ አንድ ገጽ ሞላና ገለበጥኩት።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መቁጠሩን አቆምኩ። ሰልችቶኝ አይደለም። አንዱን ጭረት ልጭር ጎንበስ ስል ዕቃው ከንፈሬ ላይ ነበር፤ የቱን እየቆጠርኩ እንደሆነ፣ ያለፈውን ይሁን የያዝኩትን፣ ጠፋኝ። 18፣ መልሴ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ሳሎን ነው የሚያድረው። ቻርጀሩንም እዚያው ትቼዋለሁ።